የለማጅ ሽኝት

«የብሎክ ሃያ ሰባት እድር አባላት በሙሉ! የአቶ ያፌት ልሳኑ ንብረት የሆነችው፣ ቀለሟ ነጭ፣ በሯ አራት፣ በተለምዶ ለማጅ ተብላ የምትጠራው መኪና፣ ሐሙስ ሰኔ 12 ቀን 2084 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ከቆመችበት ቦታ ትነሳለች። ስም ይጠራል።»

ማስታወቂያው በየደረጃው ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ተነበበ። ከማስታወቂያው በፊት ጡሩንባ አለ። ጡሩንባ ነፊው ካረፉ ሠላሳ ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ ጡሩንባቸው ግን እንዳለ ተቀድቶ ቀርቷል፤ መሃል ላይ ያሳሉት ሳል ጭምር። የብሎካችን ሰው ጡሩንባውን ሲሰማ ዝም ይላል። ሳሉን ሲሰማ ነው «ውይ! የማን ናት?» የሚለው።

መኪና ከቆመችበት ለመነሳት ማስታወቂያ የማያስፈልጋት ዘመን ነበር። ሰው ቁልፉን ይዞ ይወርዳል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ማንም ስም አይጠራም። ነገሩ የተለወጠው ከአራት ዓመት በፊት የባለቤትነት መመሪያው ሲወጣ ነው። መመሪያው አጭር ነው፤ ሰው መኪና ይሳፈራል እንጂ መኪና አይኖረውም። አብዛኞቻችንን አልነካንም። ደጅ ቆመን እንጠራለን፤ አንዲት ባዶ መኪና «መጣሁ» ትለናለች፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ትመጣለች፤ እንሳፈራለን። ስሟም ከዚያው የወጣ ነው። «በምን መጣህ?» «በመጣሁ።» ከዚህ በላይ የሚወራላት ነገር የለም። ከመጣሁ ላይ የወረደ ሰው ዞር ብሎ አያያትም።

መመሪያው የነካው ሽማግሌዎችን ነው። በመጀመሪያው ዓመት መኪኖቹ አሮጌ መኪና ከሚሰበሰብበት ከመሰናበቻ ግቢ ሲጠሩ በራሳቸው ተነስተው ይሄዱ ነበር። ባለቤቱ ቁርሱን በልቶ ሲወርድ መሬቱ ላይ የሚያገኘው የዘይት ጠብታ ብቻ ነው። አንዲት ሴትዮ ባዶው ቦታ ላይ ጃንጥላ ይዘው ሦስት ቀን ቆሙ፤ ሌላ መኪና እንዳይቆምበት ነው አሉ። አንድ ሌላ ሰውዬ የፊት ወንበሯን አስቀድመው ፈትተው ኖሮ፣ ሳሎን አስገብተው፣ ቀበቶ አስረው ዜና ያያሉ ተባለ። መመሪያውን ያወጣው ጽሕፈት ቤት ጥናት አስጠና። ጥናቱ ሁለት መቶ ገጽ ሲሆን ፍሬ ነገሩ አንድ መስመር ነው፤ ሕዝቡ አልቅሶ አልወጣለትም።

እናም ጉዳዩ ለእድር ተሰጠ።

እድራችን ደስ ብሎት ተቀበለ። የሰው ዕድሜ ረዝሞ ድንኳኑ ስምንት ዓመት ሳይዘረጋ ቆይቷል፤ አይጥ ሊጨርሰው ትንሽ ነበር የቀረው። አሁን ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ አንድ ቀን ድንኳን፣ ንፍሮና ካርታ፣ በማግስቱ ሽኝት። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ስም የምጠራው እኔ ነኝ። እስካሁን አሥራ ሦስት መኪና ሸኝተናል። ለሰው ሲሆን ሰበብ የሚፈልጉ አባላት እንኳ ለመኪና ሲሆን ቀድመው ይመጣሉ። መኪና በሕይወት ዘመኗ ከማንም ጋር አልተቀያየመችም።

ለማጅ አሥራ አራተኛዋ ናት፤ ከእሷ በኋላ በብሎካችን ባለቤት ያላት መኪና አትኖርም።

ጋሽ ያፌት ሃያ ሰባት ዓመት መኪና መንዳት ያስተማሩ ሰው ናቸው። መንጃ ፈቃድ የሚባለው ነገር ሲቀር ትምህርት ቤቱ ተዘጋና መኪናዋን ለጡረታቸው ሰጧቸው። ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ አለ። በአስተማሪው በኩል ሁለተኛ ፍሬን አላት። የብሎካችን ግማሽ ሰው በዚያች መኪና ውስጥ መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ተቀምጧል። የእድራችን ሊቀመንበር እትዬ ሶልያና (የዛሬ ልጆች ሶልያና ሲባል የአሮጊት ስም ነው ብለው ይስቃሉ) ሦስት ጊዜ ወድቀውባታል። እኔ ሁለቴ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የጋሽ ያፌት ዓይን ደከመ። ደከመ የሚለው የልጃቸው የየውብዳር ቃል ነው፤ እሳቸው እንደዚያ ብለው አያውቁም። የሆነው ይህ ነው። የዘበኛውን ቤት በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ገጩ። ሁለተኛው ጊዜ ዘበኛው ውስጥ ሆኖ ሻይ እየጠጣ ነበር። ጋሽ ያፌት ወርደው አዩና «ቤቱን ወደ መንገድ አስጠግተውታል» አሉ።

የውብዳር «ቦሎ ላሳድስልህ» ብላ መኪናዋን ወሰደች። በአራተኛው ቀን መለሰቻት። ላይዋ ያው ነው። ውስጧ ግን ሌላ ሆኗል፤ ራሷን ትነዳለች። መሪው እጅ ሲለቀው እሷን ተከትሎ ብቻውን ይዞራል፤ እጅ ሲያዞረው ግን ከጎማው ጋር አይተዋወቅም። ፍሪሲዮኑ ይረገጣል፣ ማርሹ ይገባል፤ ሁለቱም ከምንም ጋር አልተያያዙም። መካኒኩ እንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ብዙ ይመጣበታልና የተዘጋጀ ዝርዝር አውጥቶ አንድ በአንድ ጠይቋታል። የሞተር ድምፅ? የድሮው። የቤንዚን ሽታ? ትንሽ። ጠዋት ለመነሳት ታስቸግር? በሳምንት ሁለት ቀን። ዳገት ላይ ትጥፋ? አልፎ አልፎ፤ ሰው በማያይበት።

ከዚያ እድሩን ሰብስባ ነገረችን። «አባዬ እንዳይሰማ» አለች። አርባ ሦስት አባወራ እጁን አወጣ። ቃለ ጉባኤው እኔ ጋ አለ፤ አጀንዳ ቁጥር አራት፣ «የውሃ ታንከር ስለማጽዳት» ከሚለው ቀጥሎ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋሽ ያፌት ይወርዳሉ። ጎማዎቿን አንድ በአንድ በእግራቸው መታ መታ ያደርጋሉ፣ ይገባሉ፣ ስፖኪዮውን ያስተካክላሉ፣ ዳቦ ቤት ድረስ ይነዳሉ። አራት መቶ ሜትር ነው። በመሪውና በመኪናዋ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ስምምነት አለ። በማይስማሙበት ቀን፣ ለምሳሌ እሳቸው ወደ ግራ አዙረው እሷ ወደ ቀኝ ከሄደች፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ይጠሩኛል።

«አየህ እንዴት እንዳመለጥኩት?»

«አየሁ ጋሼ። እጅዎ ይባረክ።»

«እጅዎ ይባረክ» የብሎካችን የጠዋት ሰላምታ ሆኖ ቀረ። ልጆቻችን ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ይማሩታል። ዳቦ ቤቱ ባለ በርጩማ ሠራተኛ አለው፤ ሥራው ጋሽ ያፌት ሲመጡ ተነስቶ በእጁ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ በቃ!» ማለት ነው። መኪናዋ አታየውም። እሳቸው ያዩታል።

ደብዳቤው የመጣው በግንቦት መጨረሻ ነው። ጋሽ ያፌት ደረጃው ላይ ቆመው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ጮክ ብለው አነበቡልን።

«"ተሽከርካሪዋ በተጠቀሰው ሰዓት ስትጠራ በራሷ ወደ ግቢው ትመጣለች። ባለቤቱ መገኘት አያስፈልጋቸውም።"» ቀና አሉ። «በራሷ?»

እትዬ ሶልያና ጫማቸውን አዩ። እኔ የእትዬ ሶልያናን ጫማ አየሁ።

«መኪና እኮ ናት፤ በግ አይደለችም። እንዴት አድርጋ ነው በራሷ የምትሄደው?»

«የቢሮ ሰው ነው ጋሼ» አሉ እትዬ ሶልያና፤ «ስለ መኪና ምን ያውቃል።»

«እኔ ነኝ ነድቼ የማደርሳት። እስከዛሬ የነዳኋትን እኔ ነኝ የማደርሳት። ቁልፏን በሩ ላይ ከእጄ ይቀበሉኛል። እምቢ ካሉ እኔ ውስጧ እያለሁ ይጎትቷት!»

ደብዳቤውን አራት ላይ አጥፈው ኪሳቸው ከተው ወጡ። እኛ ደረጃው ላይ ቀረን። ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ሐሙስ በሦስት ሰዓት ግቢው ይጠራታል። ስትጠራ ትሄዳለች፤ ቁልፍ ቢዞርም ባይዞርም፣ ጋሽ ያፌት ውስጧ ቢኖሩም ባይኖሩም። ዓይናቸው እያየ ተነስታ ትሄዳለች።

የውብዳር በዚያው ቀን ቤቴ መጣች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የአባቷን አገጭ ወርሳለች። የቀረበላትን ሻይ አልነካችውም።

«ስለዋሸሁት አይደለም» አለችኝ። «ቢቆጣ ይቆጣኝ። አባዬ ተቆጥቶ ሁለት ቀን አይቆይም። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የነዳውን ነገር ሁሉ መልሰን ልንወስድበት ነው። መኪናዋን መውሰዳቸው አንሶ።»

እንዲህ ዓይነት ነገር በቃለ ጉባኤ አይያዝም።

በማግስቱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። እኔ የእድሩን ማኅተም ይዤ ነበር፤ ማኅተም ለያዘ ሰው ዛሬም ወንበር ይሰጠዋል። ተሰማ የሚባል ወጣት ሠራተኛ ተቀበለን። የሰሌዳ ቁጥሯን ጠይቆ ስክሪኑን አየ።

«እናቴ፣ ይቺ መኪና ራሷን መንዳት ከጀመረች እኮ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አባትዎ ነድተው እንዲያመጧት የሚል ፈቃድ ለምን አስፈለገ?»

«እሱ አያውቅም።»

ተሰማ ወደ እኔ ዞረ። «እሳቸው ብቻ ናቸው የማያውቁት?»

«እሳቸው ብቻ» አልኩት። «ብሎኩ ያውቃል። ዳቦ ቤቱም ያውቃል።»

«ዳቦ ቤቱ ደግሞ ምን አገባው?»

«ቦታ ያሲዛል።»

ተሰማ ለጥቂት ጊዜ ጣሪያውን አየ። ጥሩ ልጅ ነው። ግቢው መኪናዋን የሚጠራት ቁልፉ ከዞረ በኋላ እንዲሆን ማድረግ እንደሚችል ነገረን፤ ከዚያ አንድ ቅጽ አወጣ። ቅጹ ላይ «በተሽከርካሪዋ ውስጥ የሚገኘው» የሚል መስመር አለ። ከሥሩ ሦስት ሳጥን፤ ተሳፋሪ፣ እንስሳ፣ ዕቃ።

«ሹፌር የሚል የለውም?» አለች የውብዳር።

«ሹፌር ከቅጹ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ተሳፋሪ ልበላቸው?»

«ተሳፋሪ የሚል ወረቀት ካየ አለቀልኝ።»

«ማየታቸው ደግሞ አይቀርም፤ ተሳፋሪ ይፈርማል።» ብዕሩን ነከሰ። «እንስሳ ብንል የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ዕቃ ግን...» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ዕቃ አይፈርምም።»

ሦስታችንም ተያየን።

«ክብደት?» አለ ተሰማ።

«ስልሳ አንድ ኪሎ።»

«ተሰባሪ ነው?»

የውብዳር ቅጹን አየች። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አዎ» አለች።

ተሰማ ምልክት አደረገ። የውብዳር፣ እትዬ ሶልያናና እኔ የዕቃው አጃቢ ተብለን ገባን። ማኅተሜን አወጣሁ፤ ተሰማ «ለዕቃ ማኅተም አያስፈልግም» አለኝ። እንደዚህ ሆነው ጋሽ ያፌት ልሳኑ በሐሙሱ መርሐ ግብር ተያዙ።

ረቡዕ ድንኳኑ ተተከለ። ለማጅ ታጥባ፣ ሰሌዳዋ ተወልውሎ መሃል ላይ ቆማለች። ሰው ዙሪያዋን ተቀምጦ ንፍሮ እየቆረጠመ ካርታ ይጫወታል። የሰው ለቅሶ ላይ የሟች ደግነት ብቻ ነው የሚነሳው። መኪና ስትሆን ክፋቷም ይነሳል፤ ዘመድ የላትምና የሚቀየም የለም።

«እኔ ላብ ምን እንደሆነ ያወቅኩት እዚያች ወንበር ላይ ነው» አሉ እትዬ ሶልያና ካርታቸውን እያደራጁ። «ዳገቱ መሃል አስቆሙኝ። ከኋላዬ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና አለ። "አሁን ተነሺ" አሉኝ።»

«ታዲያ አልተነሳሽም?» አሉ ጋሽ ያፌት።

«ተነሳሁ እንጂ። ወደ ኋላ።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ።

«የገልባጩ ሹፌር» አሉ ጋሽ ያፌት፣ «እስኪሞት ድረስ ባገኘኝ ቁጥር "ያቺ ልጅ ደህና ናት?" ይለኝ ነበር። እኔ "ደህና ናት፣ ሊቀመንበር ሆናለች" እለዋለሁ። እሱ "የት? ያን ሰፈር ንገረኝ፣ አልሄድበትም" ይለኛል።»

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ሰው ፊት!»

«ምን ላድርግ ሶሊ፣ ለቅሶ ነው፤ እውነት ይነገራል።»

ሳቁ ሲበርድ አንድ ጎረቤት፣ ማውራት ካለበት ጊዜ ትንሽ ቀድሞ የሚያወራ ሰው፣ «ጋሼ፣ ከነገ ወዲያ ዳቦ ቤት በምን ሊሄዱ ነው?» አላቸው። ካርታ የሚጫወተው እጅ ሁሉ ቆመ።

«በእግሬ» አሉ ጋሽ ያፌት። «መጣሁ ላይ አልወጣም። ሹፌር የሌለው ነገር ላይ ነፍሴን አላስይዝም።»

ሁላችንም እጃችንን ወደ ንፍሮው ሰደድን።

ሐሙስ ስም ጠራሁ። የቀረ የለም። ጋሽ ያፌት ለሠርግ የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። ጎማዎቿን ዞረው መታ መታ አደረጉ፣ ገቡ። የውብዳር በአስተማሪው በኩል፣ እትዬ ሶልያናና እኔ ከኋላ። ቁልፉን አዞሩ። ጮኸችና ጠፋች፤ ከሁለቱ የማስቸገሪያ ቀኖች አንዱ ሐሙስ ሆኖ ተገኘ። ከውጭ አንዲት ሴት «መሄድ አልፈለገችም!» ብላ ጮኸች፤ ሰፈሩም ያን ጊዜ የምሩን ለቅሶ ጀመረ።

በሁለተኛው ተነሳች። ጋሽ ያፌት ፍሪሲዮን ረገጡ፣ ማርሽ አስገቡ፣ ነዳጅ ሰጡ። ለማጅ አጓራች፤ ንቅንቅ ግን አላለችም። እንደገና ሰጡ። ምንም። ነገሩ የገባን ያኔ ነው። በእኛ ሥርዓት አስከሬን ሲወጣ ሕዝቡ ከፊት ይቆማል። አርባ ሦስት ቤተሰብ ከለማጅ አፍንጫ አንድ ክንድ ርቆ ደረቱን እየመታ ነው። ራሷን የምትነዳ መኪና ደግሞ ፊቷ ሰው ካለ ዓመትም ቢሆን ትቆማለች። አሥራ ሦስቱን ስንሸኝ በባዶ ነበርና ዳር ላይ ሆነን ነው ያለቀስነው። ለዚህች ክብር ጨምረን ከፊት ቆምንላት።

የጋሽ ያፌት አንገት ቀላ። እትዬ ሶልያና በመስኮት ወጡ ማለት ይቻላል።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ወደ ዳር በሉ እንጂ! ጋሼ ሰው ላይ አይነዱም!»

«ልክ ነሽ» አሉ ጋሽ ያፌት፣ እግራቸው ነዳጁ ላይ እንዳለ። «በሕይወቴ ሰው ላይ ነድቼ አላውቅም።»

«ከእኔ በቀር!» አለ አንድ ድምፅ ከሕዝቡ መሃል። ዘበኛው ነው። እሱም እንባውን እየጠረገ ነበር።

ሰው ወደ ዳር ሲል ለማጅ ወዲያው ወጣች። ጋሽ ያፌት ገና ማርሽ እየፈለጉ ነበር። «ይኸው!» አሉ ደርሰውባት። ከኋላችን አሥራ አንድ መጣሁ ለቀስተኛ ጭነው ተከተሉን፤ እኩል ርቀት ጠብቀው፣ እንደ መቁጠሪያ።

መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ግቢው ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው። ዋናው ጎዳና ላይ ስንወጣ መቶ፣ ሁለት መቶ መጣሁ በሁለቱም በኩል ያለ ድምፅ ይፈሳል። ውስጣቸው ያለው ሰው ፊቱን ይቀባል፣ ይተኛል፣ ሹሩባ ይሠራል። ለማጅ ብቻ ታጓራለች። ጋሽ ያፌት መስኮታቸውን ከፍተው ክንዳቸውን አወጡ። ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። አንዲት ባዶ የመሰለች መጣሁ ከፊታቸው ገባች።

«አንተ! ዓይን የለህም?»

መጣሁዋ ዓይን የላትም። ስታልፍ ግን አንድ የተኛ ሰው ከኋላ መቀመጫዋ ነቅቶ ቀና አለና በጣም ይቅርታ ጠየቀ።

«እንደዚህ ነው» አሉ ጋሽ ያፌት። «አንዳንዴ ሰው ይገኛል።»

በየመታጠፊያው ትዝታ አላቸው። እዚህ ጋ አንድ ተማሪያቸው፣ ኋላ ዳኛ የሆነው፣ የቆመ ባቡር አላየሁም ብሏል። እዚያ ጋ አንዲት ሙሽራ በቬሎዋ መጥታ፣ ፈተናዬን ሳላልፍ ቤተ ክርስቲያን አልገባም ብላ ስምንት ቁጥር ዞራለች። አለፈች? አለፈች። ሙሽራው ፈተናዋ እስኪያልቅ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ሲወርድ አስመለሰው።

«እዚህ ደግሞ» አሉ አንድ ትልቅ ሕንፃ እያሳዩ፣ «ሶሊ ግንብ ገጨሽ።»

«አጥር ነው ጋሼ።»

«ግንብ ነው።»

«የቆርቆሮ አጥር ነው፤ እኔ አይደለሁ የገጨሁት?»

«ከቆርቆሮው ኋላ ግንብ ነበር። አንቺ አልቅሰሽ ስለነበር አላየሽውም።»

እትዬ ሶልያና በዚህ ጊዜ ሳቁ። ለጥቂት ደቂቃ አራታችንም ሽርሽር የወጣን መሰለን። እኔ እንኳ በኪሴ ያለውን «ዕቃ» የሚል ወረቀት ረስቼው ነበር።

ቤቶቹ እየሳሱ ሲመጡ ጋሽ ያፌት ወሬ አሳጠሩ። ክንዳቸውን ወደ ውስጥ ከተቱ። በሁለት እጃቸው መሪውን ያዙ፤ ለተማሪ እንደሚያሳዩት፣ አንዱ እጅ ከላይ በግራ፣ አንዱ ከላይ በቀኝ። እጃቸው ላይ ያሉት ሥሮች ተወጥረዋል።

«ስንት ሰው ነው ያስተማርኩት የውብዬ?»

«ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ምናምን ትል ነበር።»

«ከነሱ ውስጥ ዛሬ የሚነዳ አለ?»

የውብዳር በመስኮቷ ወደ ውጭ እያየች ነበር። አልዞረችም።

«አንተ አለህ አባዬ።»

ጋሽ ያፌት ስፖኪዮውን አስተካከሉ።

ግቢው ከሩቅ ታየ። በሩ ሰፊ ነው። ከበሩ ወዲያ መኪኖች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ፊታቸው ሁሉ ወደ መንገዱ ነው። ምን ያህል እንደሆኑ አልቆጠርኩም። ቢጫ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ የልጅ ጫማ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለበት አለ። ከበሩ በፊት አንድ አደባባይ አለ፤ ሦስት ረድፍ ያለው፣ ከአራት አቅጣጫ መጣሁ የሚገባበት፣ መሃሉ ላይ ሣር ያለው ትልቅ አደባባይ። ለማጅ የአደባባዩ አፍ ላይ ቀዝቀዝ አለች፤ ጋሽ ያፌትም እኩል ማርሽ ቀነሱ። ክፍተት ሲገኝ ገባች፤ እሳቸውም መሪውን አዞሩ።

አደባባዩ መሃል ላይ ሳለን አንድ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ሞተሩ መሰለኝ።

ጋሽ ያፌት እያለቀሱ ነበር። ትከሻቸው ተነቀነቀ፣ አንገታቸው ወደ ደረታቸው ወረደ፤ ከዚያም ሁለቱንም እጃቸውን ከመሪው አንስተው ፊታቸውን ሸፈኑ።

የውብዳር እጇን ወደ መሪው ዘረጋች። ሳይደርስ እጇ አየር ላይ ቆመ። መሪው ብቻውን ይዞር ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ እኩል፣ ሣሩን እየከበበ። ከግራችን የመጣ መጣሁ ቆሞ አሳለፈን። ለማጅ ረድፍ ቀየረች። አንድ ረድፍ፤ ከዚያ ሌላ። እትዬ ሶልያና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዙ። ሁላችንም መሪውን እያየን ነው፤ አንዳችንም ሌላ ቦታ ለማየት አልሞከርንም። ሞተሩ ማርሽ ሳይነካ ድምፁን ለወጠ።

ጋሽ ያፌት ከእጃቸው ውስጥ ሆነው ተናገሩ።

«ፍሬቻ አሳይታለች?»

የውብዳር አንገቷን አስግጋ አየች።

«አሳይታለች አባዬ።»

«ጎበዝ» አሉ፤ እጃቸውን ከፊታቸው ሳያነሱ።